ሁለተኛው አፍ መፍቻ፦ ስዊድንኛና አማርኛ በሶለንቱና

ወደ አዲስ አገር የመጣ ሰው የአገሩን ቋንቋ መማር አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል የሚመለስ ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን በውስጡ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ይገኛሉ። አንደኛው ቋንቋውን መማር ለስደተኛው ይበጀዋል ወይ የሚል የጥቅም ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ተቀብሎ ላኖረው ማኅበረሰብ የሚከፍለው ዕዳ ነው ወይ የሚል የግዴታ ጥያቄ ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ መንግሥት በሕግና በፈተና ሊያስገድደው ይገባል ወይ የሚል የሥልጣን ጥያቄ ነው። ሦስቱ ሲደባለቁ ክርክሩ ወደ ቁጣና ወደ መከፋት ያዘነብላል፤ ሲነጣጠሉ ግን እያንዳንዱ የየራሱ መልስ እንዳለው ይታያል።

ጥያቄው በየቀኑ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዷ ሶለንቱና ናት። ሶለንቱና ከስቶክሆልም በስተ ሰሜን የምትገኝ፣ ከ70 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ የሚኖርባት ኮምዩን ማለትም በራሷ የተመረጠ ምክር ቤት የምትተዳደር የአካባቢ አስተዳደር ናት። ፔንደልቶግ የሚባለው የከተማ ዳርቻ ባቡር በሮተብሩ፣ በኖርቪከን፣ በሄግቪክ፣ በሶለንቱናና በሄለነሉንድ ጣቢያዎች እየቆመ ወደ ዋና ከተማዋ ይወርዳል፤ በማለዳው ባቡር ውስጥ የሌሊት ፈረቃቸውን ጨርሰው የሚመለሱ የአረጋውያን ተንከባካቢዎች፣ ወደ ቢሮ የሚጣደፉ ባለሙያዎችና ቦርሳቸውን ያዘሉ ተማሪዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በስዊድን ከሚኖሩት፣ በኢትዮጵያ ከተወለዱና ቁጥራቸው ከ20 ሺህ ከሚበልጥ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ኑሯቸውን የመሠረቱት በስቶክሆልምና በዙሪያዋ ባሉ እንዲህ ባሉ ኮምዩኖች ነው። ለእነርሱ ስዊድንኛ ከፖለቲካ ክርክር በፊት በባቡሩ፣ በሐኪም ቤቱና በልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚያገኙት የዕለት ጉዳይ ነው።

ከመብት ወደ መስፈርት

ስዊድን ለስደተኞች ነፃ የቋንቋ ትምህርት መስጠት የጀመረችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ሲሆን (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ማስተማሩን በመጀመሪያ የያዙት ስቱዲፎርቡንድ የሚባሉት የሕዝብ ትምህርት ማኅበራት ነበሩ። ትምህርቱ እስከ ዛሬ የሚታወቀው በምሕጻሩ ኤስኤፍኢ ተብሎ ነው፤ ሙሉ ስሙ «ስቬንስካ ፎር ኢንቫንድራረ»፣ ትርጉሙም «ስዊድንኛ ለስደተኞች» ነው። በ1973 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ደግሞ ተቀጥረው የሚሠሩ ስደተኞች ደመወዛቸው ሳይቋረጥ 240 ሰዓት ከሥራ ተለቀው ስዊድንኛ እንዲማሩ መብት ሰጣቸው። ይህ ሕግ አንድ ትልቅ እውነት ተገንዝቦ ነበር፤ ቋንቋ ለመማር ከመጽሐፍና ከመምህር ይልቅ የሚቸግረው ጊዜ መሆኑን፣ ጊዜም ለሠራተኛ ሰው ገንዘብ መሆኑን።

በ1975 የስዊድን ፓርላማ የስደተኞች ፖሊሲውን እኩልነት፣ የመምረጥ ነፃነትና ትብብር በሚሉ ሦስት ቃላት ላይ መሠረተ። የመምረጥ ነፃነት የተባለው ስደተኛው የራሱን ባህልና ቋንቋ ምን ያህል ይዞ እንደሚቆይ፣ የስዊድንንም ምን ያህል እንደሚቀበል ራሱ የሚወስን መሆኑን ያመለክት ነበር። በዓመቱ በ1976 ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች በኮምዩን ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ፤ ስለዚህም ሰው ስዊድናዊ ሳይሆን በሚኖርበት ሰፈር ጉዳይ ላይ የሚወስን ሆነ። ድምፅ የሚሰጥ ሰው ደግሞ የሚመርጠው ሰው ምን እንደሚል መስማት ይኖርበታልና ቋንቋው ከሥራ መሣሪያነት አልፎ የዜግነት መሣሪያም ሆነ።

ኤስኤፍኢን የማስተማር ኃላፊነት በ1986 ወደ ኮምዩኖች ተዛወረ፤ ከ2016 ጀምሮም ኮምቩክስ በሚባለው የጎልማሶች ትምህርት ሥር ተካተተ። በ2009 የወጣው የቋንቋ ሕግ ስዊድንኛን «ሁቩድስፕሮክ» ማለትም የአገሪቱ ዋና ቋንቋ አድርጎ ሲደነግግ፣ በስዊድን የሚኖር ሰው ሁሉ ስዊድንኛን ለመማር፣ ለማዳበርና ለመጠቀም ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ፣ አፍ መፍቻው ሌላ የሆነውም የራሱን ቋንቋ የማዳበርና የመጠቀም ዕድል ሊያገኝ እንደሚገባ በአንድ ላይ አስቀመጠ። ሕጉ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጡ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ አንዱ የሌላው ተቀናቃኝ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አስቀድሞ የዘጋ ነው።

የፖለቲካው ነፋስ ግን ቀስ በቀስ ወደ መስፈርት ዞሯል። በ2002 በተደረገው ምርጫ በዚያን ጊዜ ፎልክፓርቲየት ይባል የነበረው የሊበራሎች ፓርቲ ለዜግነት የቋንቋ ፈተና ይጠየቅ የሚል ሐሳብ ይዞ ቀረበና ከመቶ 4.7 የነበረው የድምፅ ድርሻው ወደ 13.4 አደገ። በጃንዋሪ 2025 ለመንግሥት የቀረበው የአጥኚ ኮሚሽን ሪፖርት ደግሞ ዜግነት ለማግኘት የሚያስፈልገው የመኖሪያ ጊዜ 8 ዓመት እንዲሆን፣ የቋንቋና የማኅበረሰብ ዕውቀት ፈተናም እንዲታከልበት ሐሳብ አቀረበ። ዴንማርክና ኖርዌይ እንዲህ ያለውን መስፈርት ቀድመው አውጥተዋል፤ ጀርመንም ከ2005 ጀምሮ የ600 ሰዓት የቋንቋ ትምህርት ያለበትን የውህደት ኮርስ ታስተምራለች። ፈተና መኖሩ በራሱ ግፍ አይደለም፤ ሆኖም ፈተና የተማሩትን ይለካል እንጂ አያስተምርም፤ የ1973ቱ ሕግ የሰጠውን ጊዜ ሳይሰጥ የሚፈትን መንግሥት ያላበደረውን ዕዳ እንደሚጠይቅ ሰው ይሆናል።

በሮቹ ይዘጋሉ

ኤስኤፍኢ ከሀ እስከ መ እንደሚባለው በአራት ፊደል የተሰየሙ አራት ኮርሶች አሉት፤ ተማሪውም እንደ ቀድሞ ትምህርቱ ከሦስት የጥናት መንገዶች በአንዱ ይመደባል። ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው መንገድ ከመጀመሪያው ኮርስ ሲጀምር፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ግን በሦስተኛው መንገድ ገብቶ ከሦስተኛው ኮርስ ይነሣል። ሕጉ ትምህርቱ በአማካይ በሳምንት ከ15 ሰዓት እንዳያንስና ከሥራ ጋር ሊጣጣም እንዲችል ያዝዛል።

አማርኛ ተናጋሪ ወደዚህ ክፍል የሚገባው ባዶ እጁን አይደለም። ባቡሩ በየጣቢያው ሲነሣ ከድምፅ ማጉያው የሚሰማው «ዶራርና ስቴንግስ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። «ዶር» በር ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው «አር» ብዙ ቁጥርን ያመለክታል፤ በመጨረሻ የሚታከለው «ና» ደግሞ የሚታወቁ በሮች መሆናቸውን ይነግራል። አማርኛም «በር» ብሎ ይጀምርና «ኦች»ን ጨምሮ «በሮች»፣ ከዚያም «ኡ»ን አክሎ «በሮቹ» ይላል፤ ሥር፣ ብዛት፣ እውቅነት በሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። «ቡክ» መጽሐፍ ሲሆን «ቡከን» መጽሐፉ ነው፤ «ሁስ» ቤት ሲሆን «ሁሰት» ቤቱ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከስሙ በፊት የለመደውን ቃል ወደ ኋላ ማዞር ሲኖርበት፣ አማርኛ ተናጋሪ የሚያገኘው ከሕፃንነቱ የሚያውቀውን ሥርዓት ነው።

በድምፅም ረገድ ተመሳሳይ ስጦታ አለው። ስዊድንኛ ጣሪያን «ታክ»፣ ምስጋናንም «ታክ» ይላል፤ በፊተኛው አናባቢው ሲረዝም በኋለኛው አናባቢው አጥሮ «ክ» ይጠብቃል፤ ይህን ልዩነት ያልሰማ ሰው ምስጋናውን ጣሪያ ያደርገዋል። «ገና» ብሎ ጊዜን፣ አጥብቆ «ገና» ብሎ በዓሉን የሚለይ አማርኛ ተናጋሪ ግን ጥብቀትና ልልነት ትርጉም እንደሚለውጡ ጆሮው ከጥንት ያውቃል። የሚፈትነው ሌላው ነው፤ ግሱ በአማርኛ የዓረፍተ ነገር መደምደሚያ ሲሆን በስዊድንኛ ሁለተኛውን ቦታ ይይዛልና «ኢዳግ ጎር ያግ ቲል ስኩላን» የሚለው ቃል በቃል «ዛሬ እሄዳለሁ እኔ ወደ ትምህርት ቤቱ» እንደ ማለት ይሆናል። ስሞችም «ኤን» እና «ኤት» በሚባሉ ሁለት ወገኖች ስለሚከፈሉ የእያንዳንዱን ወገን ከቃሉ ጋር አብሮ መያዝ ግድ ነው።

ከሰዋስውም የሚከብድ ነገር አለ፤ እርሱም አክብሮት ነው። ስዊድናውያን እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ታላላቆቻቸውን በማዕረግና በሦስተኛ መደብ ይጠሩ ነበር፤ በ1967 የሕክምና ባለ ሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ብሩር ሬክሰድ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ «ዱ» ማለትም «አንተ፣ አንቺ» ብለው እንደሚጠሩ ማስታወቃቸው የዚያ ለውጥ ምልክት ሆኖ ይነገራል። «እርስዎ» እያለ ያደገ ሰው ሽበት ያለባትን ሐኪም «ዱ» ለማለት ምላሱ ይያዛል፤ ችግሩ የቃል እጥረት ሳይሆን የአስተዳደግ ነው። በስዊድን እኩልነት የሚነገርበት ቃል በአማርኛ ድፍረት የሚነገርበት መሆኑን የሚያስረዳ መምህር ያገኘ ተማሪ ግን ቃሉን ብቻ ሳይሆን አገሩን መረዳት ይጀምራል። በአንጻሩ በሰሜን ስዊድን ሰዎች «አዎ» ለማለት ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ሲያደርጉ የሰማ ኢትዮጵያዊ፣ ያንኑ የስምምነት ትንፋሽ ከአገር ቤት ጨዋታ ስለሚያውቀው፣ በሰው አገር ድንገት የቤቱን ድምፅ እንደ ሰማ ያህል ይሰማዋል።

በልጅ አፍ መናገር

ቋንቋውን መማር ለስደተኛው ይበጀዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የጠነከረው መልስ የሚገኘው ከሥራ ገበያው አይደለም፤ ከቤተሰቡ ውስጥ ነው። በስዊድን ትምህርት ቤቶች ተማሪው፣ ወላጁና መምህሩ አንድ ላይ ተቀምጠው ስለ ልጁ እድገት የሚነጋገሩበት «ኡትቬክሊንግስሳምታል» የሚባል ስብሰባ አለ። ስዊድንኛ በማይችል ወላጅና አማርኛ በማይችል መምህር መካከል የተቀመጠው የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስለ ራሱ የሚነገረውን ራሱ ሲተረጉም፣ መምህሩ በሂሳብ እንደ ደከመ ሲናገር ልጁ ለእናቱ «በርታ እያለኝ ነው» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። እናቱ ብትጠራጠር እንኳ የምታመሳክርበት ነገር የላትም። በቤት ውስጥ ታዛዥ የነበረው ልጅ በውጭ የወላጁ ምላስ ሆኖ ሲመላለስ ሥልጣኑም ሳይታወቅ ወደ እርሱ ያጋድላል፤ ልጅነቱም በዚያው ልክ ያጥራል።

ነገሩ በጤና ጣቢያ ይብሳል። በስዊድን ሕክምና የሚጀመረው ቮርድሴንትራል ከሚባለው የአካባቢ ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ሕመሙን የሚያውቀው የሚናገረው ሰው ብቻ ነው። እናት ለሐኪም የምትነግረው ሁሉ ለልጇ የሚነገር አይደለም፤ በልጇ በኩል ስትናገር ከሕመሟ ግማሹን ትውጠዋለች። ለዚህ ሕጉ መፍትሔ አኑሯል፤ ከ2018 አጋማሽ ጀምሮ የሚሠራው የአስተዳደር ሕግ ስዊድንኛ በደንብ የማይችል ሰው ጉዳዩን በሚገባ እንዲያስረዳ ሲያስፈልግ መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ እንዲጠቀም ያዝዛል። ሙያውን ያወቀ አስተርጓሚ ትልቅ ሀብት ነው፤ አዲስ የመጣ ሰውም ሊያፍርበት አይገባም። ይሁን እንጂ አስተርጓሚ በቀጠሮ ይመጣል፤ ጎረቤት የሚያወራው፣ ፋርማሲስቷ የምትጠይቀው፣ የልጅ ጓደኛ እናት በደረጃው ላይ የምትለው ግን ቀጠሮ የለውም። ከብት ካለው ይልቅ አፍ ያለውን የመረጠችው የተረቱ ልጃገረድ ያወቀችው ይህንኑ ነው፤ አፍ የሌለው ሰው ያለውንም ሀብት ሌላው ይነዳበታል።

ጊዜው የት ይገባል

ብዙ ጎልማሶች ኤስኤፍኢን ጀምረው ያቋርጣሉ፤ ይህንም ስንፍና ብሎ መጥራት ነገሩን አለማወቅ ነው። አገር ቤት ያለ ቤተሰብ የሚጠብቀው ገንዘብ አለ፤ የቤት ኪራይ አለ፤ የመጀመሪያው ሥራም ብዙ ጊዜ የሚገኘው የፈረቃ ስለሆነ ሌሊት የሠራ ሰው ጠዋት በክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሥራው በአገር ልጅ በኩል ከተገኘ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ሊያልፍ ይችላል፤ ስዊድናዊውም በበኩሉ የተማሪውን መንተባተብ ሲሰማ በቅንነት ወደ እንግሊዝኛ ይዞርና የልምምዱን በር ሳያውቀው ይዘጋል። በየቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋጀው «ስፕሮክካፌ» ማለትም ሰዎች በቡና ዙሪያ ተቀምጠው ስዊድንኛ የሚለማመዱበት የቋንቋ ካፌ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው እስኪጨርስ የሚታገሥ አድማጭ ያገኝበታል።

የዕድሜም ነገር አለ። የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ኒክላስ አብራሃምሶንና ኬኔት ሂልተንስታም በ2009 ባሳተሙት ጥናት ስፓኒሽ አፍ መፍቻቸው የሆነ 195 የስዊድንኛ ተናጋሪዎችን መርምረው፣ በጎልማሳነት ከጀመሩት መካከል በዝርዝር ሲፈተሽ በሁሉም ረገድ እንደ ተወላጅ የሆነ አንድም ሰው እንዳላገኙ አመልክተዋል። ይህ ግኝት ተስፋ የሚያስቆርጥ ሳይሆን ነፃ የሚያወጣ ነው፤ ጎልማሳ የሚጠየቀው ጉዳዩን አስረድቶ፣ የሌላውንም ተረድቶ እንዲኖር እንጂ የተወላጅን ድምፅ እንዲያወጣ ሊሆን አይገባም። ማኅበረሰቡም ቅላጼን እንደ ዕውቀት ጉድለት መቁጠሩን ከተወ ሸክሙ በእጅጉ ይቀልላል።

ሙያ ያለው ሰው ግን የበለጠ ደረጃ ያስፈልገዋል። የኤስኤፍኢ የመጨረሻው ኮርስ ተማሪውን የሚያደርሰው በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ መካከለኛ ወደሚባለው እርከን ሲሆን፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተማረ ሐኪም ወይም ነርስ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የሚጠየቀው በዚያው መለኪያ ከስድስቱ እርከኖች አምስተኛውን ነው። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር የሠለጠነ ሐኪም በዚህ መካከል ባለው ርቀት ዓመታት ሊያልፉበት ይችላሉ፤ በእነዚያ ዓመታት ራሱን የሚያስተዳድርበትን መንገድ ያላሰበ ሥርዓት ስዊድንም የምትፈልገውን ሐኪም በሌላ ሥራ ላይ ያስቀረዋል።

የፊተኛውን መጠበቅ

አማርኛ ሰው መጀመሪያ የሚናገርበትን ቋንቋ «አፍ መፍቻ» ይለዋል፤ አፍ ታስሮ የሚወለድ፣ በቋንቋ የሚፈታ መሆኑን የሚያሳይ ድንቅ ቃል ነው። ስዊድንኛ ደግሞ «ሙደርስሞል» ማለትም የእናት ቋንቋ ይለዋል። በ1977 የተደረገው የትምህርት ለውጥ በስዊድን ትምህርት ቤቶች የቤት ቋንቋን የመማር መብት ሰጠ፤ በ1997 «የቤት ቋንቋ» የሚለው ስያሜ ወደ «ሙደርስሞል» ተለወጠ፤ ቋንቋው በቤት ግድግዳ ውስጥ ብቻ የሚኖር አለመሆኑን ለማሳየት። ዛሬ ተማሪው ቋንቋውን በቤቱ በየቀኑ የሚጠቀምበት ከሆነና መሠረታዊ ዕውቀት ካለው፣ በኮምዩኑ ውስጥም ቢያንስ 5 ተማሪዎች ከጠየቁና ብቁ መምህር ከተገኘ ትምህርቱን የማግኘት መብት አለው። እንግዲህ በሶለንቱና የአማርኛ ክፍል መኖር አለመኖሩ የሚወሰነው በፓርላማ ሳይሆን የ5 ልጆች ወላጆች ማመልከቻ ሞልተው በመስጠታቸውና መምህር በመገኘቱ ነው።

ብዙ ወላጆች ልጁ እንዳይደናገር ብለው በቤት ውስጥ በተሰባበረ ስዊድንኛ ማናገር ይመርጣሉ። ሐሳቡ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ውጤቱ ሁለት ጊዜ ጉዳት ነው፤ ልጁ ከወላጁ የማይረባ ስዊድንኛ ይማራል፣ የጠለቀውን አማርኛ ግን ያጣል። የስዊድን የትምህርት ባለ ሥልጣን ስኩልቬርከት በ2008 ያወጣው ሪፖርት የአፍ መፍቻ ትምህርት የተከታተሉ ተማሪዎች በአማካይ ከሌሎች የተሻለ ውጤት እንደነበራቸው አሳይቷል። የአማርኛ ጸሎት፣ ተረትና ምክር ያለው ቤት ስዊድንኛን አይቀንስም፤ ልጁ ሐሳብን በቃል ማሰር የሚማረው በማንኛውም ቋንቋ ነውና።

የኦኔሲሞስ መንገድ

ሁለቱን አፍ አንድ ላይ የመያዙ ነገር በስቶክሆልም ታሪክ አዲስ አይደለም። በኢሉባቦር አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው ኦኔሲሞስ ነሲብ በምጽዋ ነፃ ወጥቶ በምኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ፣ በ1876 ወደ ስቶክሆልም ተልኮ በዮሃነሉንድ የትምህርት ተቋም 5 ዓመት ተቀመጠ። የውጭ ሰው ሆኖ በዚያች ከተማ የስዊድንኛን መጽሐፍ እያነበበ የኖረው ይህ ሰው በ1881 ሲመለስ ያመጣው ስዊድናዊነትን አልነበረም። ከተርጓሚ ባልደረባው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የሠራው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል በ1899 ታተመ፤ በሰው አገር የተማረው ለራሱ ሕዝብ ቋንቋ ሥራ ዋለ።

መንገዱ በሌላውም አቅጣጫ ይሄድ ነበር። ስዊድናውያን ሚሲዮናውያን፣ መምህራንና ሐኪሞች ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ትግርኛን፣ አማርኛንና ኦሮምኛን ይማሩ ነበር፤ ሚሲዮናዊው ካርል ሴደርክቪስት በ1904 አዲስ አበባ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲከፍት የልጆቹን ወላጆች በሚሰሙት ቋንቋ ማነጋገር ነበረበት። በ1954 የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ሲመሠረትም የሁለቱ አገሮች ሰዎች በአንድ ወርክሾፕ አብረው ይውሉ ነበር። በኢትዮጵያ እንግዳ የነበሩት ስዊድናውያን የአገሩን ቋንቋ መማራቸውን ማንም እንደ ውርደት አልቆጠረውም፤ የመከበራቸው አንዱ ምክንያት ነበር። ያ ሚዛን በሶለንቱናም ይሠራል።

ስለዚህ ሦስቱ ጥያቄዎች መልሳቸው ይታወቃል። ቋንቋውን መማር ይበጃል፤ ከደመወዝ በላይ ወላጅን ወላጅ አድርጎ ያኖራልና። ግዴታም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ወገን ያለው ግዴታ ነው፤ ስደተኛው ትዕግሥቱን፣ አገሩ ደግሞ ጊዜውን፣ መምህሩንና የሚታገሥ ጆሮውን ያዋጣሉ። ሕግም ሊጠይቅ ይችላል፤ የሚጠይቀው ግን መጀመሪያ ከሰጠ ነው። ይህ ሁሉ ሲሟላ በሚቀጥለው የትምህርት ቤት ስብሰባ እናት በመምህሩ ፊት ተቀምጣ፣ ግሱን ቦታው ላይ ባታውለውም፣ «ልጄ በሂሳብ የት ላይ ነው የሚቸግረው?» ብላ በራሷ አንደበት ትጠይቃለች፤ ልጇም ተርጓሚነቱን ትቶ ተማሪ ሆኖ ይሰማል፤ ማታ እቤታቸው ሲገቡ የቤት ሥራው በአማርኛ ይብራራል።